ትንፋሹን ቆጥረሽዋል ወይስ ገምተሽዋል?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። የሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ዋርድ (ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል) ስንገባ የመጀመሪያ ሥራችን ቫይታል ሳይን፣ ማለትም የሰውነትን መሠረታዊ ምልክቶች መውሰድ ነው። ሙቀትና ግፊት እንለካለን፣ ፐልስ (የልብ ምት) እንቆጥራለን፣ ትንፋሽ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም 20 ብሎ ነው የሚጽፈው። ባለፈው ሳምንት አንድ ታካሚ ቆጥሬ 28 አገኘሁና ጻፍኩ። አብራኝ የነበረችው ልጅ «ኦክስጅኑ 96 ነው፣ ምንም አልሆነም፣ አስተካክዪው» አለችኝ። ግራ ገባኝና 22 ብዬ ቀየርኩት። ጥፋት ነው?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ ጥፋት ነው። ግን ሕሊናሽ ቆርቁሮሽ ጠይቀሻል፤ ስንቶቻችን በተማሪነት ዘመናችን ሳንጠይቅ አልፈነዋል።

ያ 28 የዚያን ቀን ከጻፍሻቸው ቁጥሮች ሁሉ ዋናው ነበር። ጤነኛ አዋቂ ሰው እረፍት ላይ ሆኖ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ሰውነት ኦክስጅን ሲያጥረው፣ ኢንፌክሽን ሲበረታበት፣ ደም ሲፈሰው ወይም ደሙ ውስጥ አሲድ ሲበዛ ቶሎ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ትንፋሹን ማፍጠን ነው፤ ብዙ ጊዜ ግፊቱ ገና ሳይወርድ ትንፋሹ ቀድሞ ይናገራል። በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ የሚለካው፣ ጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያ 96 አለ ማለት ታካሚው ደህና ነው ማለት አይደለም። ምናልባት ያን 96 ይዞ ያቆየው እንደዚያ ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰ፣ እየለፋ ሊሆን ይችላል። ሲደክመው ቁጥሩ ይወርዳል፣ ያኔ ግን የቀረን ጊዜ ትንሽ ነው።

ቁጥሩን መቀየርሽ ምን እንዳደረገ ላሳይሽ። ኒውስ (NEWS) የሚባል፣ ብሪታኒያ ውስጥ የተዘጋጀ የታካሚን መባባስ በነጥብ የሚለይ ዘዴ አለ። በሱ አቆጣጠር ትንፋሽ 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ብቻውን 3 ነጥብ ያሰጣል፤ ሌላው ሁሉ ደህና ቢሆን እንኳ አንድ 3 ከታየ ታካሚው በአስቸኳይ መታየት አለበት። 22 ግን 2 ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ እስክሪብቶ ጭረት ሐኪም የሚያስጠራውን ታካሚ ከማያስጠራው ጎን አሰለፍሽው።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ለታካሚው «ትንፋሽህን ልቆጥር ነው» አትበዪው፤ ሰው እንደሚታይ ካወቀ አተነፋፈሱን ሳያስበው ይቀይራል። ፐልሱን ቆጥረሽ ስትጨርሺ ጣትሽን ከእጁ ላይ አታንሺ፣ ዓይንሽን ብቻ ወደ ደረቱ አዙሪ። ደረቱ ወጥቶ ሲወርድ አንድ ነው። ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ፤ በተለይ አተነፋፈሱ ወጥ ካልሆነ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያሳስታል። በዚያው ደቂቃ ሌላም ነገር ታያለሽ፦ የአንገቱ ጡንቻ እየተሳበ ነው? አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መጨረስ ይችላል? ከንፈሩስ ቀለሙን ቀይሯል? እነዚህን መሣሪያው አይነግርሽም።

ከዚህ በኋላ ያልጠበቅሽው ቁጥር ሲመጣ ደግመሽ ቁጠሪ። ያው ከሆነ እንዳለ ጻፊውና ወዲያው ለተረኛዋ ነርስ ንገሪ። ቻርት ላይ መጻፍ ብቻውን መናገር አይደለም። ስትሳሳቺም አትፋቂ፤ በአንድ መስመር ሰርዘሽ ትክክለኛውን ጽፈሽ ፈርሚ። የባለፈውንም ለተቆጣጣሪሽ ዛሬውኑ ንገሪያት፣ ብትቆጣሽም።

ጥያቄ፦ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አንድ አዛውንት እየተንከባከብኩ ነው። የአልጋ ቁስል ሲጀምር ቆዳው ይቀላል ተብለን ተምረናል። የእሳቸው ቆዳ ጥቁር ስለሆነ ቅላት አይታየኝም። እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ መጻሕፍት የሚያሳዩት ፎቶ የነጣ ቆዳ ብቻ ስለሆነ ተማሪ ግራ ቢጋባ አይገርምም። በነጣ ቆዳ ላይ ቅላቱን በጣት ስትጫነው ካልነጣ ቁስሉ ጀምሯል ይባላል። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን በዓይንህ አትመን፣ በእጅህ ዳስስ። ቦታው ከዙሪያው ይልቅ ይሞቃል ወይ ይቀዘቅዛል? ጠንክሯል ወይስ ላልቷል? ሲነካ ያማቸዋል? ከአካባቢው ቆዳ ይልቅ ጠቆር ወይም ሐምራዊ መሰል ነገር አለው? ከእነዚህ አንዱን ካገኘህ እንደ ጀመረ ቁጠረው።

ፈልግ የምልህ አጥንት ቆዳውን የሚገፋበትን ቦታ ነው፦ የወገብ ታች፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ክርን፣ የትከሻ አጥንትና የራስ ቅል ኋላ። የኦክስጅን ቱቦ ያለበት ታካሚ ከሆነ ጆሮ ጀርባውን አትርሳ።

በተለምዶ በየ2 ሰዓቱ ይገለበጣሉ፣ ቆዳቸው ከደከመ ግን ቶሎ ቶሎ ያስፈልጋል። በጎን ስታስተኛቸው ሙሉ በሙሉ ዳሌያቸው ላይ አታሳርፋቸው፤ ጀርባቸው ላይ ትራስ ደግፈህ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል አድርጋቸው። ተረከዛቸው አየር ላይ እንዲሆን ትራሱን ከባታቸው ሥር አድርግ። ወደ ላይ ስትስባቸው አትጎትት፤ ሰው ጥራና በአንሶላ አንሷቸው፣ መጎተት ቆዳውን ከሥሩ ይቀደዋል። የጀመረውን ቦታ ማሸትም ተው። ድሮ ይታሽ ነበር፣ አሁን ግን የተጎዳውን ሥጋ የበለጠ እንደሚጎዳ ይታወቃል።

ደግሞ ስትገለብጣቸው አናግራቸው፣ «አባባ፣ አሁን ወደ ግራ ልናዞርዎ ነው» በላቸው፣ መልስ ባይሰጡህም። ድንገት የተገለበጠ ሰው ይደነግጣል፣ የደነገጠ ሰውነት ደግሞ ይጠነክራል።

ጥያቄ፦ መርፌ ከወጋሁ በኋላ ክዳኑን መልሼ ስገጥም ጣቴን ጫር አደረገኝ። ደም ብዙም አልወጣም። ዝም ልበል?

መልስ፦ ዝም አትበል! በውኃና በሳሙና እጠበው፣ አትጭመቀው፣ አሁኑኑ ለኃላፊህ ተናገር። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት አስፈላጊ ከሆነ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ እስከ 72 ሰዓት ድረስ መጀመር አለበት፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት መውሰድህንም ይጠይቁሃልና ካርድህን ይዘህ ሂድ። መርፌ ተወግቶ ሲያልቅ ክዳን አያስፈልገውም፣ እንዳለ ወደ ሴፍቲ ቦክስ፣ ማለትም ያገለገለ መርፌ ወደሚጣልበት ሳጥን። ሴፍቲ ቦክሱም ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል እንጂ በእጅ እየተገፋ አይጠቀጠቅም። ይህን አንብበህ ስትጨርስ ሰዓትህን እይና ተነስ።