መሬቱን ከመግዛትህ በፊት ቤዝ ኤከሩን ጠይቅ

ወንድሜ፣ ሚኔሶታ ሬንቪል ካውንቲ 80 ኤከር ልትገዛ እንዳሰብክ ጽፈሃል። አጠገቡ ያለው እርሻ ከመንግሥት ያገኘውን ድጎማ ኢንተርኔት ላይ አይተህ «ለእኔም ይመጣል ወይ?» ብለሃል። እዚያ አካባቢ የገበሬዎችን ሂሳብ ስሠራ ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርህ። ሊመጣም ላይመጣም ይችላል። በዋናነት የሚወስነው ዘንድሮ የምትዘራው እህል ሳይሆን የመሬቱ መዝገብ ነው።

እያንዳንዱ እርሻ ኤፍኤስኤ በሚባለው የፌዴራል ግብርና ቢሮ የራሱ ቁጥር አለው። በዚያ ቁጥር ሥር «ቤዝ ኤከር» የሚባል ነገር ተመዝግቧል፤ ድሮ እዚያ መሬት ላይ በተዘራው በቆሎ፣ አኩሪ አተር ወይም ስንዴ ልክ የተያዘ ማለት ነው። ጤፍ ለመዝራት ማሰብህን ስላነሳህ፣ ጤፍ ድጎማ ከሚያገኙት ሰብሎች ውስጥ የለም። ግን መሬቱ የበቆሎ ቤዝ ካለው፣ ጤፍ ዘርተህበትም በበቆሎው ሂሳብ ሊከፈልህ ይችላል። ቤዝ ከሌለው በቆሎ ብትዘራበትም ከዚህ ፕሮግራም ምንም አታገኝም። አትክልት ከሆነ ሌላ ነው፤ ቤዙ ላይ በብዛት ከተከልክ ክፍያው ይቀነሳል።

ደግሞ በየዓመቱ የሚገባ ደመወዝ አይደለም። ከድጎማው አማራጮች አንዱ የሆነውን ፒኤልሲ የሚባለውን ከመረጥክ የሚከፈልህ የገበያው ዋጋ በሕግ ከተቀመጠው መነሻ ዋጋ ሲወርድ ብቻ ነው። ለምሳሌ 100 ቤዝ ኤከር በቆሎ ቢኖርህ፣ የተመዘገበው ምርት በኤከር 150 ቡሼል (የእህል መስፈሪያ ነው) ቢሆንና ዋጋው ከመነሻው በቡሼል በ10 ሳንቲም ቢወርድ፣ የሚታሰብልህ በቤዙ 85 በመቶ፣ ማለትም በ85 ኤከር ነው፤ 1,275 ዶላር ማለት ነው። ዋጋው ጥሩ ከሆነ ዜሮ። የሚገባውም ዘግይቶ ነው። ለምሳሌ በ2024 ለተሰበሰበ በቆሎ ክፍያ ካለ የሚለቀቀው ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ነበር። ይህን ገንዘብ ቆጥረው የባንክ ብድር የገቡ ሰዎች አይቻለሁ፣ በጣም ነው የተቸገሩት። እና ያየኸው ዝርዝር ውስጥ የ2019 እና የ2020 ቁጥሮች አያታልሉህ፤ ከቻይና ጋር ለነበረው የንግድ ጦርነትና ለኮቪድ የተሰጠ የአንድ ሰሞን እርዳታ ተደርቦባቸዋል።

ሌላው ኪራይ ነው። መሬቱን ገዝተህ በቁርጥ ገንዘብ ለሌላ ካከራየኸው ድጎማውን የሚወስደው አራሹ ነው፣ አንተ አይደለህም። በእኩል ወይም በሲሶ ከሆነ የተስማማችሁት ድርሻ በመካከላችሁ ይከፈላል። ውሉ ላይ ይህ በግልጽ ይጻፍ፣ በቃል አትተው።

እኔን የሚያናድደኝ አከፋፈሉ ነው። በኤከር ስለሚሰላ ሰፊ መሬት ያለው ብዙ ያገኛል፣ ኪራዩንም በዚያው ልክ ያንረዋል፤ ጀማሪው ደግሞ በውድ ይከራያል። ለአንድ ሰው ጣሪያ አለው፣ በ2025 በወጣው ሕግ ለ2025 ሰብል 155,000 ዶላር ነበር። ግን አንድ ትልቅ እርሻ ውስጥ ወንድማማቾቹም ሚስቶቹም እንደየራሳቸው ሊቆጠሩ ይችላሉ። 10 ቤዝ ኤከርና ከዚያ በታች ያለው እርሻ ግን በአብዛኛው ጭራሽ አይከፈለውም። ለጀማሪ ገበሬ የተለየ አስተያየት ስላለ ከ10 ዓመት በታች ያረስክ ከሆንክ ቢሮው ስትሄድ መጀመሪያ ይህን ንገራቸው። ለጤፉ ደግሞ ኤንኤፒ የሚባለውን የሰብል ጉዳት ዋስትና ጠይቅ፤ ለጀማሪ የማመልከቻው ክፍያ ይነሳለታል፣ ግን ማመልከቻው ቀነ ገደብ ስላለው ከመዝራትህ አስቀድመህ ሂድ።

አሁን ሻጩን የእርሻ ቁጥሩንና 156ኢዜድ የሚባለውን ቅጽ እንዲያወጣልህ ጠይቀው። ባለመሬቱ ከቢሮው ጠይቆ ያገኘዋል። ቤዙም የተመዘገበው ምርትም እዚያ ላይ አለ። ሲደርስህ ቁጥሮቹን ጻፍልኝ፣ አብረን እናሰላዋለን።