ጸጥ ያለ ሥዕል ሥራ የበዛበት ነው

ልጆቼ፣

ጸጉሬ የሸበተው በሕንፃ ንድፍ ሙያ ነው። ወጣት ባለሙያዎች «ምን ብናይ ይጠቅመናል?» ብለው ሲጠይቁኝ የምሰጣቸው መልስ ብዙ ጊዜ ቅር ያሰኛቸዋል። ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ሲጠብቁ አንድ አሮጌ የሆላንድ ሥዕል አሳያቸዋለሁ፤ የሠዓሊው ዮሐንስ ቨርሜርን «የዴልፍት እይታ»። ዴልፍት የሆላንድ ከተማ ናት። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1660 እና በ1661 አካባቢ በዘይት ቀለም የተሠራ ሲሆን፣ አሁን ሄግ ከተማ በማውሪትስሃውስ ሙዚየም ይገኛል። ቁመቱ 96.5፣ ወርዱ 115.7 ሳንቲ ሜትር ነው። ውኃ፣ የከተማ ቅጥር፣ ጣሪያ፣ ደመና። «ታዲያ ምን ተፈጠረ?» ይሉኛል። ምንም አልተፈጠረም።

እናንተ ያደጋችሁት ምስል በጎርፍ በሚወርድበት ዘመን ነውና ብትሰለቹ አልፈርድባችሁም። ግን ስለ ሥዕሉ የተጻፈውን ከማንበባችሁ በፊት አንድ ሩብ ሰዓት ስጡት። ሙዚየሙ ድረስ መሄድ ባትችሉ ጥራት ያለው ምስሉ ኢንተርኔት ላይ አለ። ከታች ጀምሩ። ከውኃው ወዲህ ማዶ ጥቂት ሰዎች ቆመዋል፤ ከውኃው ወዲያ የከተማዋ በሮችና ግንቦች በደመና ጥላ ተውጠዋል። ፀሐዩ ያረፈው ከእነሱ ኋላ፣ በከተማዋ ውስጥ ነው፤ በጣሪያዎቹና «አዲሱ ቤተ ክርስቲያን» በሚባለው ቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ። ሌላ ሠዓሊ ቢሆን ብርሃኑን ፊት ለፊት ባፈሰሰው ነበር። ቨርሜር ግን ፊቱን አጨልሞ ውስጡን አበራ፤ ዓይናችሁም ሳይታዘዝ ቅጥሩን አልፎ ይገባል። የሕንፃ መግቢያ ለመንደፍ ለምትፈልጉ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም።

ቀጥሎ በቀኝ በኩል የቆሙትን የዓሣ ጀልባዎች አጉልታችሁ ተመልከቱ። በጨለማው የጀልባ ጎን ላይ ፈዘዝ ያሉ ክብ የብርሃን ነጠብጣቦች ተበትነዋል። ቀርባችሁ ስታዩአቸው የቀለም ጠብታ ናቸው፤ ራቅ ስትሉ ከውኃው የተንጸባረቀ ብርሃን ይሆናሉ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን የጠፋው ነገር ነው። ሥዕሉ በቴክኒክ መሣሪያዎች ሲመረመር፣ ሠዓሊው ከውኃው ወዲህ ከቆሙት ሁለት ሴቶች አጠገብ አንድ ወንድ ሥሎ እንደነበረና በኋላ በቀለም እንደሸፈነው ታውቋል። በውኃው ላይ የሚታየውን «የሮተርዳም በር» የተባለውን የዴልፍት በር ግንቦች ነጸብራቅም መጀመሪያ ከሣለው በላይ አስረዝሞታል። ሕንፃዎቹንም እንዳሉ አልገለበጣቸውም፤ ለሥዕሉ እንዲስማሙ ጥቂት አስተካክሏቸዋል። በአጋጣሚ የመጣ የሚመስለን ጸጥታ የተገኘው እንዲህ ባለ መቀነስና ማስተካከል ነው። እኛ ንድፍ ላይ አንድ መስመር መሰረዝ ሞት ነው የሚመስለን!

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 12 ቀን 1654 ዴልፍት ውስጥ የባሩድ ማከማቻ ፈንድቶ የከተማዋን ሰፊ ክፍል አውድሟል፤ ከሞቱት መካከል ሠዓሊው ካሬል ፋብሪትዩስ ይገኝበታል። ቨርሜር ይህችን ረጋ ያለች ከተማ የሣላት ከዚያ ስድስት ሰባት ዓመት ቆይቶ ነው። ሐዘኑን ሥዕሉ ውስጥ ፈልጉ አልላችሁም፤ ምልክት የለውም። እኔ ግን ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያቺን ጸጥታ እንደ ቀላል ነገር ማየት አልቻልኩም።

ስለ ዝናው አትጨነቁ። የኔዘርላንድስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1822 በ2,900 ጊልደር (የያኔው የሆላንድ ገንዘብ) ሲገዛው የቨርሜር ስም እንደ ዛሬው የገነነ አልነበረም። ሥዕሉ ግን ያው ነበር።

ቨርሜር ካሜራ ኦብስኩራ የተባለውን፣ የውጭውን መልክ በብርሃን ወደ ውስጥ የሚያሳርፍ ጨለማ ሣጥን መሰል መሣሪያ ተጠቅሟል ወይስ አልተጠቀመም የሚል የቆየ ክርክርም ይገጥማችኋል። እኔን እንቅልፍ አይነሳኝም። መሣሪያው የከተማዋን መልክ ሸራው ላይ ቢጥልለት እንኳ፣ ያንን ሰውዬ ያጠፋው መሣሪያው አይደለም። ክርክሩን ማንበብ የሚፈልግ ያንብብ፤ ሥዕሉን ካየ በኋላ ይሁን እንጂ።