መደብሩ ሲዘጋ አትደበቁ

እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ፣ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት ስትናጥ፣ ሰርኪት ሲቲ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ መደብር ብቻውን 567 ቅርንጫፎቹን ዘግቶ 34,000 ያህል ሠራተኞቹን በትኗል። እኔም በዚያው ሰሞን ሜሪላንድ ውስጥ በሌላ መደብር ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። በመጨረሻው ሳምንት የሚሸጥ ዕቃ አልቆ መደርደሪያው ራሱ ዋጋ ተለጠፈበት። ምሳ የምንበላበትን ወንበር አንድ ሰው በ5 ዶላር ገዝቶ፣ ተሸክሞት ሲወጣ ቆሜ አየሁ።

እናቴ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያለች ነው ያሳደገችኝ። እኔ ግን ደበቅሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የደንብ ልብሴን ለብሼ እየወጣሁ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ዋልኩ። ከሥራ ተባረረ እንዳልባል፣ የመንግሥት እጅ ጠበቀ እንዳልባል ፈርቼ ነው።

ወገኖቼ፣ ሥራ ያጣ ሰው የሚያገኘው፣ አንኢምፕሎይመንት የምንለው ክፍያ ልመና አይደለም። አሠሪዎች በሠራተኞቻቸው ልክ ከሚከፍሉት ግብር የሚወጣ መድን ነው። ግሪን ካርድ ወይም የሥራ ፈቃድ ይዞ የሠራ ሰውም መስፈርቱን ካሟላ ያገኘዋል። የሚቆጠረው ግን በአብዛኛው ሥራው ከቆመበት ቀን ሳይሆን ካመለከታችሁበት ሳምንት ጀምሮ ነው፤ የእኔም ሦስት ሳምንታት በዚሁ ቀሩ። በመጀመሪያው ሳምንት አመልክቱ። ከተፈቀደላችሁም በኋላ ግዛታችሁ በሚያዝዘው ጊዜ ሁሉ ሥራ እየፈለጋችሁ መሆናችሁን አረጋግጡለት፤ አንዴ ከረሳችሁ ክፍያው ይቆማል። የፌዴራል ግብር እንዳለበትም አትዘንጉ።

የስንብት ደብዳቤውን አትጣሉ። 100 እና ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች ያሉት ድርጅት አንድን የሥራ ቦታ ዘግቶ 50 እና ከዚያ በላይ ሰው ሲያሰናብት፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ 60 ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የፌዴራል ሕግ ያስገድደዋል። የጤና መድናችሁ ከተቋረጠ አዲስ ለመግዛት ያላችሁ ጊዜም 60 ቀን ነው። ልጆች ያላችሁ ይህችን ቀን ግድግዳ ላይ ጻፏት። ለጡረታ ያጠራቀማችሁት ገንዘብ ከድርጅቱ ሀብት ተለይቶ የሚቀመጥ ስለሆነ የድርጅቱ አበዳሪዎች አይነኩትም፤ እናንተም ያለ ዕድሜው አውጥታችሁ ቅጣት አትክፈሉበት።

አገር ቤት ላሉትም እውነቱን ንገሯቸው። በክሬዲት ካርድ ተበድሮ ገንዘብ መላክ ሁለት ቤት ያፈርሳል።

ባለቤቴ ጉዳዩን ያወቀችው የደንብ ልብሴን ልታጥብ ኪሱ ውስጥ የቤተ መጻሕፍቱን ወረቀት ስታገኝ ነው። አልተቆጣችም። ኮምፒውተሩን ከፍታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ማመልከቻውን ሞልተን እስክንጨርስ አርባ ደቂቃ እንኳን አልፈጀብንም።