ምስክሯን እንዳታጧት

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃ ወይም ማኅበራዊ ሠራተኛ ልትሆኑ ለተዘጋጃችሁ ነው። የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ወንጀል ችሎት ውስጥ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፤ በሰው የመነገድ መዝገቦች ግን ዛሬም ከሐሳቤ አልወጡም።

ሕጋችን ደካማ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 909/2007ን የተካው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው የነገደን ከ7 እስከ 12 ዓመት ያስቀጣል። ተጎጂዋ ሴት ወይም ሕፃን ከሆነች ቅጣቱ ከ10 እስከ 20 ዓመት ነው። ይህን ለፈተና ታጠኑታላችሁ። ከባዱ ሌላው ነው።

ብዙ መዝገብ የሚሞተው በሽምግልና ነው። ደላላው አብዛኛውን ጊዜ ባዕድ አይደለም። የአክስት ልጅ ነው፤ ለቀብርም ለሠርግም የማይቀር የሰፈር ሰው ነው። ልጅቷ ከዓረብ ሀገር ታማ፣ ደሞዟን ተነጥቃ ትመለሳለች። ቤተሰቡ እሷን ለመላክ በሬ ሸጧል፤ አለዚያም በአራጣ ተበድሯል። ከዚያ ሽማግሌ ይላካል። «ብሩን ይመልስላችሁ፤ የልጅቷም ስም አይነሳ» ይባላል። እናት እሺ ትላለች። ቀጠሮው ሲደርስ ምስክር የለም። ደላላው ወጥቶ ሌላ ልጅ ይመለምላል።

እናትየዋን አትውቀሱ። አበዳሪው በር ላይ ቆሟል። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ሩቅ ነው፤ ቀጠሮው ይራዘማል፤ ለመሳፈሪያ እንኳን የላትም። ተጎጂን መደገፍ የክሱ ግማሽ ነው የምለው ለዚህ ነው። ማደሪያ ያገኘች፣ ሐኪም ያያት፣ መሳፈሪያ የተሰጣት ልጅ ችሎት ትቀርባለች። ስለ ተጎጂዎች ድጋፍና መቋቋሚያ የሚናገሩትን የአዋጁን ክፍሎች ከቅጣቱ አንቀጾች እኩል አንብቧቸው። የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ጠይቁ፤ መልስ ካልመጣ ደግማችሁ ጠይቁ።

ቃሏን ስትቀበሉ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ፈልገሽ አይደል እንዴ የሄድሽው?» የሚል ጥያቄ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! በጣም ያናድደኛል። ተታላ ወይም ችግሯ መጠቀሚያ ሆኖ ከተላከች የእሷ እሺ ማለት ደላላውን ነፃ አያወጣውም። ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ ማታለሉን ማስረዳት እንኳን አይጠበቅባችሁም። ተጎጂ ሆና ሳለ ድንበር በሕገ ወጥ መንገድ ተሻገርሽ ተብላም አትከሰስም። ቃሏን አንድ ጊዜ፣ ሰው በማይገባበት ክፍል፣ በደንብ ተቀበሏት። ለፖሊስም፣ ለነርስም፣ ለእናንተም ያንኑ ደጋግማ እንድትናገር አታድርጓት።

መንገዱን መዝጋት ብቻውን እንደማይበቃ አይተናል። በ2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ዓረብ ሀገራት መሄድ ታገደ። በዚያው ዓመት ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችንን አባረረች። ያም ሆኖ በጅቡቲና በየመን በኩል የሚሄደው አልቆመም። እገዳው የተነሳው በ2010 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በሕጋዊ መንገድ ለመሄድ የሚያስቡ እህቶቻችሁን «አትሂዱ» ብላችሁ ብቻ አትተዉአቸው። የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008ን አስረዷቸው። የቪዛውንና የአውሮፕላን ትኬቱን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ለነዚህ ክፈሉ የሚል ሰው ሲመጣ ይጠርጥሩት።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ከክሱ ጋር የካሳ ጥያቄም አብራችሁ አቅርቡ። ያልተከፈላት ደሞዝ፣ የሕክምናዋ ወጪ፣ ቤተሰቧ የተበደረው ብር፣ ሁሉም ይቆጠር። ደረሰኝ ከሌለ ያበደረውን ሰው በምስክርነት ጥሩ። የደላላውን ቤትና መኪና ደግሞ ከመጀመሪያው አሳግዱ። ፍርዱ እስኪሰጥ ከጠበቃችሁ በዘመድ ስም ያዞረዋል፤ ልጅቷም የውሳኔውን ግልባጭ ብቻ ይዛ ትቀራለች።