አሮጌው መኪናዬ ማን እጅ ይገባል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ2008 ኮሮላ አለኝ። ማይሉ ብዙ ነው፣ ግን አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም። አሁን ሌላ መኪና ስለገዛሁ እሷን ለተቸገረ ሰው መስጠት ፈልጌያለሁ። «መኪናዎን ይለግሱ» የሚለውን የሬዲዮ ማስታወቂያ በሰማሁ ቁጥር ልደውል እልና እተወዋለሁ። ባለቤቴ «ይሸጡታል እንጂ ለድሃ አይሰጡትም» ትላለች። እውነቷን ነው? ታክስ ላይስ ይጠቅመኛል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለቤትህ ብዙም አልተሳሳተችም። አሜሪካ ውስጥ መኪና ከሚቀበሉት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አብዛኞቹ መኪናውን ለሰው አይሰጡም። ጎታች ይልካሉ፣ ጨረታ ያወጡታል፣ ብሩን ለሥራቸው ያውሉታል። ይሄ ማጭበርበር አይደለም። ለምሳሌ ሳልቬሽን አርሚ የታወቀ ክርስቲያናዊ ድርጅት ነው፤ ከመኪና የሚያገኘውን ገንዘብ ከሱስ ለሚያገግሙ ሰዎች ማእከላቱ ያውለዋል። ጥሩ ሥራ ነው። አንተ ያሰብከው ግን ሌላ ነገር ነው። አንተ ኮሮላዋን የሆነች እናት ልጇን ከኋላ አስራ ስትነዳት ነው የታየህ።

ለዚህ የሚሆነው ሌላ ዓይነት ድርጅት ነው። በደንብ ከሚታወቁት አንዱ ጉድ ኒውስ ጋራዥ ነው። ሃል ኮልስተን የተባለ ሰው በ1996 በርሊንግተን፣ ቨርሞንት ውስጥ አቋቋመው፤ በኒው ኢንግላንድ የሉተራን ማኅበራዊ አገልግሎት ሥር ሆኖ ነው ያደገው። እስካሁን ከ5,000 በላይ መኪና ለቤተሰቦች ሰጥቷል። አሠራሩ ደስ ይላል። የተለገሰውን መኪና መካኒክ ያየዋል፣ የሚጠገን ከሆነ ይጠገናል፣ ከዚያ ሥራ ላይ ላለ ወይም ሥራ ሊጀምር ላለ ችግረኛ ይሰጣል። የማይሆነው ይሸጥና ብሩ ለሌላው መኪና ጥገና ይውላል።

ቨርሞንትን ያየ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያውቃል። በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፣ ጨው የመኪናን ሆድ ይበላል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ቦታ ያለ መካኒክ ቀለም አይቶ አይሸወድም፤ መኪናውን በሊፍት አንስቶ ከሥር ሻሲውን ነው የሚያየው። ከላይ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ መኪና ከሥር በዝገት ተበልቶ ከተገኘ ለሕፃን ልጅ እናት አይሰጥም፣ ወደ ቁራሌ ነው የሚሄደው። ከላይ ጭረትና ጭርምት የበዛበት፣ ግን ሻሲው ጤነኛ የሆነና ዘይቱ በጊዜው ሲቀየር የኖረ አሮጌ ቶዮታ ይመረጣል። ያንተዋ በዚህ መስፈርት ሳታልፍ አትቀርም።

እዚያው ሜሪላንድ ደግሞ ቬይክልስ ፎር ቼንጅ የተባለ ድርጅት አለ። በ1999 የተጀመረ ነው፣ ሃይማኖታዊ አይደለም። ችግረኛ ቤተሰቦች መኪናውን ጭራሽ በነጻ ሳይሆን በጣም በቅናሽ ዋጋ ያገኙታል። ከእስር የተፈቱ ሰዎችንም መካኒክነት ያሠለጥናል። ለማንም ብትሰጥ ግን ስልክ ደውለህ አንዲት ጥያቄ ጠይቅ፦ «ይህችን መኪና ለሰው ትሰጣላችሁ ወይስ ትሸጣላችሁ?» የሚድበሰበስ መልስ ከሰማህ መልሱን አገኘህ ማለት ነው።

ታክሱም የሚለየው እዚችው ላይ ነው። ድርጅቱ መኪናውን እንዲሁ ከሸጠው፣ በመሠረቱ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢህ ልትቀንስ የምትችለው የተሸጠበትን ዋጋ ብቻ ነው። ገበያ ላይ 4,000 ዶላር የምታወጣ መኪና ጨረታ ላይ በ700 ከሄደች ያንተ ቁጥር 700 ነው። ለተቸገረ ሰው በነጻ ወይም በጣም በርካሽ ከሰጠና ዓላማው ትራንስፖርት የሌላቸውን ድሆች መርዳት ከሆነ ግን የገበያውን ዋጋ፣ 4,000ውን፣ መያዝ ትችላለህ። ድርጅቱ ፎርም 1098-ሲ የተባለውን የመኪና ልግስና ማረጋገጫ ይልክልሃል፤ እዚያ ላይ መኪናው ለችግረኛ የሚተላለፍ መሆኑ ምልክት ተደርጎበት እንደሆነ እይ። አንተ ደግሞ ከታክስህ ጋር ፎርም 8283 ትሞላለህ።

አሁን ደስ የማይለው ክፍል። ይሄ ሁሉ የሚጠቅመው ወጪህን ዘርዝረህ ለምትቀንስ ሰው ነው። ለ2025 መደበኛው ቅናሽ (ወጪውን ሳይዘረዝር ሰው የሚያገኘው) ላላገባ 15,750፣ አብረው ፋይል ለሚያደርጉ ባልና ሚስት 31,500 ዶላር ነበር። ከመደበኛው ቅናሽ በላይ የሚዘረዘር ከሌላችሁ መኪናዋን በመስጠታችሁ ታክሳችሁ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም። ከ2026 ጀምሮ ለማይዘረዝሩ ሰዎች የተፈቀደው አነስተኛ የልግስና ቅናሽም ለጥሬ ገንዘብ እንጂ ለመኪና አይደለም። እንግዲህ ከሰጠህ ለጽድቁ ነው።

ስትሰጥም ታርጋህን ፍታ። ታይትሉን ማለትም ሊብሬውን ፈርመህ የተቀባዩን ቦታ ባዶ አድርገህ ለማንም አታቀብል። እንዲያ ያደረገ ሰው ከወራት በኋላ የዲሲ ካሜራ ቲኬትና የቶል ሂሳብ በስሙ ሲመጣበት ነው የሚነቃው። ሜሪላንድ ስለሆንክ ደግሞ መጀመሪያ ታርጋውን ለኤምቪኤ (መኪና ለሚመዘግበው የስቴቱ መሥሪያ ቤት) መልስ፣ ከዚያ ኢንሹራንሱን ሰርዝ። ቅደም ተከተሉን ካዛባኸው መኪናዋን ያለ ኢንሹራንስ እንዳቆየሃት ተቆጥሮ ቅጣት ይመጣብሃል።

ጥያቄ፦ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ብቻዬን ነው የማሳድጋቸው። ደለስ ኤርፖርት ነው የምሠራው፣ ሽፍቴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይጀምራል። ባቡር የለም፣ በኡበር ስሄድ ደሞዜ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ክርስቲያን ድርጅቶች መኪና በነጻ ይሰጣሉ ሲሉ ሰማሁ። እንዴት ነው የሚገኘው? የእነሱ ቸርች አባል መሆን አለብኝ? ደግሞ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ያሳፍረኛል። (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ሥራ የምትገባ ሴት ምን አሳፈራት! የሚያሳፍረው ሜትሮው ነው። የሲልቨር መስመር በ2022 ደለስ ድረስ ደረሰ ተብሎ ሪባን ተቆረጠ፣ ባቡሩ ግን በሥራ ቀን የሚነሳው ንጋት 11 ሰዓት ላይ ነው። ሻንጣ የሚጭነው፣ ካፌውን የሚከፍተው፣ ወለሉን የሚያጸዳው ሰው ከዚያ በፊት ነው የሚገባው፤ ከነዚያ መሃል ደግሞ ስንቱ የኛ ሰው እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። እነዚህ ድርጅቶች የተቋቋሙት እንዳንቺ ላለ ሰው ነው።

አባልነት አያስፈልግም። ብዙዎቹ ሃይማኖትሽን አይጠይቁም፣ በተለይ ከመንግሥት ጋር ተዋውለው የሚሠሩት። የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ መንጃ ፈቃድ፣ ሥራ ወይም የሥራ ደብዳቤ፣ ቤት ውስጥ ሌላ መኪና አለመኖሩ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ወጪ መቻልሽ። አብዛኛውን ጊዜ ቀጥታ ሄደሽ አታመለክቺም፤ የሚልክሽ ሰው ያስፈልጋል። ላኪው የካውንቲ ሶሻል ወርከር፣ የካቶሊክ ቻሪቲስ ሠራተኛ፣ ስደተኛ የሚያቋቁም ድርጅት ወይም ቄስሽ ሊሆን ይችላል። ከየት ልጀምር ካልሽ 211 ደውይ። ማኅበራዊ እርዳታ የት እንደሚገኝ የሚጠቁም ስልክ ነው፣ አስተርጓሚ መጠየቅም ትችያለሽ። «መኪና ስጡኝ» ብለሽ አትጀምሪ። «ሥራዬን ላጣ ነው፣ ትራንስፖርት የለኝም» በይ። በራቸው የሚከፈተው በዚህ ነው።

ቁልፉን ከመቀበልሽ በፊት ግን ወረቀትና እስክሪብቶ አውጪ። መኪናው ነጻ ነው፣ መንዳቱ ነጻ አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ክፍያ ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ቀርቷል፣ ሁሉም ሰው ኢንሹራንስ መያዝ አለበት። ለአገሩ አዲስ የሆነ ነጂ ደግሞ ዋጋው ያስደነግጣል። ስለዚህ ሊሰጡሽ ያሰቡትን መኪና ዓመትና ሞዴል ጠይቀሽ ቢያንስ ሦስት ቦታ ዋጋ አስወጪ። ዕዳ የሌለበት አሮጌ መኪና ስለሆነ ፉል ከቨር (የራስሽን መኪና ጉዳት ጭምር የሚሸፍነውን) የሚያስገድድሽ የለም፣ ሊያቢሊቲው (በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍለው) ይበቃል። ከዚያ ዓመታዊ ኢንስፔክሽኑ አለ፣ ሰሜን ቨርጂኒያ ስለሆንሽ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራው አለ፣ ከተማው የሚጠይቀው የመኪና ታክስም አለ፣ ይሄ የመጨረሻው ደብዳቤው ሲመጣ ብዙ ሰው «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ብሎ የሚጮህበት ነው። የመኪናው ዋጋ ዝቅ ሲል ታክሱም ስለሚቀንስ አሮጌ መኪና እዚህ ላይ ይክስሻል።

ለጥገና በየወሩ ትንሽ ትንሽ አስቀምጪ። አንድ ቀን ባትሪው ይሞታል፣ ያውም ሌሊት 9 ሰዓት ላይ።

ጥያቄ፦ እናቴ ኤስኤስአይ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ፣ ትቀበላለች። ቸርቻችን የተለገሰ መኪና ልስጥሽ ብሏታል፣ ወደ ሐኪም እኔ ነኝ የምነዳላት። ድጎማዋ ይቆረጥባታል ብለን ፈራን። (ከአትላንታ)

መልስ፦ አትፍሩ። ለእሷ ወይም ለቤተሰቧ መጓጓዣ የሚያገለግል አንድ መኪና፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን፣ እንደ ሀብት አይቆጠርባትም። ሁለተኛ መኪና በስሟ ካለ ነው ጣጣው። ያም ሆኖ ስጦታውን ለሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ አሳውቁ፣ ደብቃ ከተገኘች ነው ነገሩ የሚወሳሰበው።

ጥያቄ፦ የአንዲት ኢትዮጵያዊት ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። ምእመናን አሮጌ መኪና አምጥተው «ለተቸገረ ስጡልን» ይሉናል። አንዱ ደግሞ «ለእገሌ ስጡልኝ፣ ደረሰኙን ግን ለእኔ ጻፉልኝ» አለን። እንደ ትልልቆቹ ድርጅቶች በሥርዓት መሥራት እንችላለን? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ይችላሉ ጋሼ፣ ግን የ«እገሌ»ውን ነገር ከበሩ መልሱት። ሰጪው ተቀባዩን በስም ከመረጠ፣ በሕጉ ዓይን ያ ሰው ለሰው የሰጠው ስጦታ እንጂ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልግስና አይደለም፣ ታክስ ላይም አይቀነስም። ወንድማችን ለእገሌ መስጠት ከፈለጉ ታይትሉን በቀጥታ ያዙሩላቸው፣ እግዜር ይስጥልኝም ከእገሌ ይቀበሉ። እናንተ ደረሰኝ የምትጽፉት ለማን እንደሚሰጥ የምትወስኑት እናንተ ስትሆኑ ነው። ለዚያ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ይኑራችሁ፤ ማን አመለከተ፣ ለማን ተሰጠ፣ ለምን። የሽማግሌ እህት መኪና አገኘች የተባለ ቀን ከሐሜቱ የሚያወጣችሁ ያ ወረቀት ነው።

የእኔን ምክር ከጠየቁኝ ግን በመኪና አይጀምሩ። ብዙ የአሜሪካ ቤተ ክርስቲያናት የጀመሩት በጥገና ነው፤ አንድ ቅዳሜ ለመበለቶችና ብቻቸውን ልጅ ለሚያሳድጉ እናቶች ዘይት ይቀይራሉ፣ ፍሬን ያያሉ፣ ጎማ ይነፋሉ። ከኛ ሰው መሃል ደግሞ መካኒክ ሞልቷል። ሰው ያለውን መኪና ማቆየት አዲስ ከመስጠት ይረክሳል፣ እናንተም በዚያው የቱ መካኒክ ቃሉን እንደሚጠብቅ ታውቃላችሁ። ከዚያ የመጀመሪያውን መኪና ተቀበሉ። በእጃችሁ ባለ ጊዜ ኢንሹራንስ ይኑረው። መኪናው ሳይመረመር ለማንም አይሰጥ፣ ፍሬኑ ባልታየ መኪና አደጋ ቢደርስ ጠበቃው መጀመሪያ የሚፈልገው እናንተን ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ዴንቨር ይኖራል። የድሮ መኪናውን ለቤተ ክርስቲያናችን አገልግሎት ሊልክልን ይፈልጋል። ይቻላል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መኪናው የቤንዚን ወይም የናፍጣ አውቶሞቢል ከሆነ ይርሱት። ከ2016 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ጀምሮ መንግሥት እንዲህ ያለ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል፣ የሚፈቀደው የኤሌክትሪኩ ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን በአሮጌ መኪና ላይ የሚጣለው ኤክሳይስ ታክስና የመርከቡ ዋጋ ሲደመር መኪናውን እጥፍ ድርብ ያስከፍል ነበር። ወንድምዎ እዚያው ይሽጠው፣ ብሩን በባንክ ይላክላችሁ፣ እናንተም እዚህ አገር ውስጥ ያለ፣ መለዋወጫው መርካቶ የሚገኝ ነገር ግዙ። አገልግሎቱ ገጠር ከሆነ ሞተር ሳይክል ይሻላል። ሊብሬው በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ይውጣ፣ በአገልጋዩ ስም አይሁን።