የከባድ መኪና ፈተና ለምትዘጋጁ ልጆች

ሰላም ልጆች። እኔ አዳማ ነው የምኖረው፣ ከ1974 ጀምሮ መጀመሪያ በረዳትነት ከዛ በሹፌርነት ከባድ መኪና ላይ ነው ያረጀሁት፣ አሁን ጉልበቴም አይኔም እምቢ ሲሉኝ መሪውን ለልጄ ለቅቄ ቁጭ ብያለሁ። ቁጭ ብያለሁ ስል ያው መኪናው ሰፈር በገባ ቁጥር ወጥቼ ዞር ዞር ብዬ ማየቱን አልተውኩም፣ ባለቤቴ "አንተ ሰውዬ ጡረታ ወጥተህ የለም እንዴ" ትለኛለች። ይሄን የምጽፈው የጭነት መንጃ ፈቃድ የሚማሩ የሰፈር ልጆች እየመጡ ስለሚጠይቁኝ ነው፣ ሁሉም የሚጠይቁኝ ደሞ አንድ ነገር ነው፣ "ጋሼ ፈተናው ላይ ምን ምን ይጠይቃሉ?" "ጋሼ መኪናው ላይ ምን ምን ልይ?" ያለኝ ግን እስካሁን አንድም የለም።

አሜሪካ ያለውም ያው ነው ለነገሩ። የእህቴ ልጅ ዳላስ ነው፣ ኡበር ሲሰራ ቆይቶ ትራክ ልንዳ ብሎ ሲዲኤል የሚሉትን ፈቃድ ለማውጣት ተነሳ። እኔ ጠዋት ቡናዬን ስጠጣ እሱ ጋ ማታ ነው፣ ይደውልና እኔን ፈታኝ አድርጎ ይለማመዳል። እዛ ፈተናው ሦስት ክፍል ነው፣ መጀመሪያ የመኪና ምርመራ፣ ቀጥሎ ግቢ ውስጥ ኋላ ማርሽና ማስገባት ማስወጣት፣ ከዛ መንገድ ላይ መንዳት። ምርመራው ላይ መኪናውን እየዞርክ እያንዳንዱን እቃ በእጅህ እያሳየህ ስሙን ትጠራለህ፣ ምኑን እንደምታይም ትናገራለህ፣ የአየር ፍሬኑን ፍተሻ ከተሳሳትክ ወይ ከዘለልክ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ብታውቀውም ወደቅክ ማለት ነው። ልጁ እንደ ዳዊት በቃሉ ያነበንበዋል! ከመቶ በላይ እቃ ሳይተነፍስ ነው የሚጠራልኝ። አንድ ቀን መሃል ላይ አቋረጥኩትና "እሺ የምትለማመድበት መኪና ላይ ቺንጋው የት ነው ያለው?" አልኩት፣ ቺንጋ ማለት ሞተሩ ላይ የሚዞረው ቀበቶ ነው። "ከፊት ነው ጋሼ" አለኝ። "ከፊት የት? በቀኝ ነው በግራ?" ዝም አለ። "ስንት ቺንጋ አለው?" አሁንም ዝም።

በሱ አልስቅበትም፣ እኔም ረዳት እያለሁ እንደዛ ነበርኩ። ያስተማረኝ ሹፌር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ኤንትሬ ፊያት ነበር የሚነዳው፣ ሌሊት 10 ሰዓት ይቀሰቅሰኝና ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት "እጅህን አሳየኝ" ይለኝ ነበር። እጄ ንጹህ ከሆነ "አልዞርክም" ይለኛል። በቃ። ዘይት፣ አቧራ፣ የፍሬን ጥቀርሻ እጄ ላይ ከሌለ መኪናው አልታየም ማለት ነው፣ አይቻለሁ ብዬ ብምልም አያምነኝም።

እና እኔም የምላችሁ እሱን ነው፣ ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱና መኪና ፈልጋችሁ ዙሩ። የራሳችሁ ካልሆነ ባለመኪና ለምኑ፣ ቆሞ ላለ መኪና ማንም አይከለክላችሁም። ሁሌም ከአንድ ቦታ ጀምሩ፣ እኔ ከሹፌሩ በር ነው የምጀምረው፣ ዞሬ ዞሬ እዛው በር ላይ ነው የምጨርሰው፣ መሃል ላይ ሰው ከጠራችሁ ወይ ስልክ ከመጣ "የት ጋ ነበርኩ" እያላችሁ አትገምቱ፣ ከበሩ እንደገና ጀምሩ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን አስር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ራቅ ብላችሁ መኪናውን ዝም ብላችሁ እዩት። ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ወይ ጎማ ወርዷል ወይ ባሌስትራው (መኪናውን የተሸከመው የብረት ሞላ) ላይ የሆነ ነገር አለ። ከስሩ ደሞ አዲስ ጠብታ ካለ ጎንበስ በሉና በጣታችሁ ንኩት፣ ውሃ ነው ዘይት ነው ናፍጣ ነው፣ ሽታውም ይነግራችኋል።

ሞተሩ ጋ ብዙ አልቆይም ምክንያቱም ሁሉም ሰው እሱን ያውቀዋል፣ ዘይት፣ ውሃ (ትኩስ ራዲያተር እንዳትከፍቱ፣ ፊቱ የተቃጠለ ጓደኛ አለኝ)፣ ቺንጋውን መሃሉ ላይ በአውራ ጣት ጫን ስትሉት ወደ 2 ሳንቲም ገደማ ቢገባ ደህና ነው፣ ከዛ በላይ ከገባ ላልቷል። መሪውን ደግሞ ጎማው ሳይንቀሳቀስ ወዲህ ወዲያ አድርጉት፣ እዛ አሜሪካ የሚፈቅዱት 10 ዲግሪ ነው አለኝ የእህቴ ልጅ፣ ይሄ ስፋቱ 50 ሳንቲም በሆነ መሪ ላይ 5 ሳንቲም ገደማ ነው የሚመጣው።

ጎማ ጋ ግን ቆም እንበል። የፊት ጎማ እነሱ ጋ ጥርሱ ከ3.2 ሚሊሜትር ማነስ የለበትም፣ የሌላው ከ1.6፣ ለምን የፊቱን አጠበቁት ብትሉ የፊት ጎማ ሲፈነዳ መሪው ከእጃችሁ ይወጣል። የኋላ መንትያ ጎማ መሃል ድንጋይ ተቀርቅሮ እንደሆነ አጎንብሳችሁ እዩ። የውስጠኛው ጎማ በአይን አይታወቅም፣ በብረት ምቱት፣ አየር ያለው ብረቱን መልሶ ያነጥረዋል፣ የወረደው "ዱብ" ብሎ ይቀራል፣ አስር ጊዜ ከመታችሁ ጆሮአችሁ ይለምደዋል። አፋር በረሃ ላይ ደግሞ ጎማ ሲግል አየሩ ይጨምራል፣ አንዳንድ ልጅ ይሄን አይቶ ሊያስተነፍስ ይፈልጋል፣ እንዳታደርጉት! ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያ ጎማ ባዶ ነው የሚሆነው።

ብሎንና ዳዶ፣ ጎማውን አጥብቀው የሚይዙት። ይሄን በራሴ ነው የተማርኩት። 1986 ነው፣ ያኔ ወደብ ማለት አሰብ ነው፣ ጅቡቲ የገባነው ከ1990 በኋላ ነው። ማታ አዳማ ላይ የተሳቢውን የኋላ ጎማ አስቀየርኩና ሌሊት ተነሳሁ። ጎሚስታው አጥብቆታል፣ ሰው በሱ ላይ ሲያላክክ አልወድም፣ አዲስ የታሰረ ጎማ የመጀመሪያውን 100 ኪሎሜትር ገደማ ሲሄድ ቦታ ይይዝና ዳዶው ይላላል፣ ስለዚህ ቆሞ እንደገና ማጥበቅ የሹፌሩ ስራ ነው። እኔ ወለንጪቲን አለፍኩ፣ ቁም አላልኩም፣ እንቅልፌም ነበር፣ ረዳቴን "አይተኸዋል?" አልኩት፣ "አይቻለሁ ጋሼ" አለኝ፣ እጁን ግን አላየሁም። መተሐራ ልገባ ስል፣ በሰቃ ሐይቅ ጋ፣ ሊነጋጋ ሲል አንድ ጎማ በግራዬ በኩል አልፎኝ ሄደ። መጀመሪያ "የማነው ይሄ ጎማ?" ነው ያልኩት እኮ! ከዛ ተሳቢው ወደ ኋላ ሲጎትተኝ ገባኝ። ጎማው መንገዱን አቋርጦ እዛ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ከፊት ሰው አልነበረም፣ ቢኖርስ? ቀን ቢሆንስ? አህያ የሚነዳ ልጅ ቢሆንስ? እስከዛሬ መተሐራ በደረስኩ ቁጥር በግራ በኩል ስፖኪዮ አያለሁ።

ከዛ በኋላ ዳዶ ሳይ ምን እንደምፈልግ አውቃለሁ። ከዳዶው ስር ወደ ቸርኬው (ጎማው የሚገባበት ብረት) የሚወርድ ቀይ የዝገት መስመር ካለ ዳዶው ላልቶ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው። ሁሉንም በጣታችሁ ዙሩ፣ ቸርኬው ላይም የተሰነጠቀ ቦታ ካለ ፈልጉ።

አሁን አየር ፍሬን። እዚህ ጋ ነው እኔ ሽማግሌው ከልጅ የተማርኩት፣ ስለማላፍር ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ የአየር ፍተሻውን ሲያነበንብልኝ ቁጥር ይጠራል፣ እኔ ደግሞ በቁጥር አላውቀውም፣ እኛ ጌጁ ሞላ እንላለን እንሄዳለን። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ጎማው ስር ታኮ ታደርጋለህ፣ አየሩ ይሞላል፣ ሞተር ታጠፋና ቁልፉን መልሰህ ትከፍታለህ፣ የእጅ ፍሬኑን ትለቃለህ፣ ከዛ የእግር ፍሬኑን ረግጠህ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትይዛለህ። በደቂቃው ውስጥ ባለ ተሳቢ መኪና ከ4 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያቸው ነው) በላይ መቀነስ የለበትም፣ ተሳቢ የሌለው ከ3። የኛ መኪኖች ጌጅ ብዙው ባር በሚባለው መለኪያ ስለሆነ 4 ፒ ኤስ አይ ማለት 0.3 ባር እንኳን አይሞላም፣ መርፌው ነቅነቅ ካለ አበቃ። ቀጥሎ ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ እያደረግህ አየሩን ታወርደዋለህ፣ 55 ፒ ኤስ አይ፣ ወደ 3.8 ባር፣ ሳይደርስ የማስጠንቀቂያው መብራት ወይ ጩኸት መምጣት አለበት፣ አሁንም ስታወርደው ከ45 እስከ 20 ባለው መሃል ፍሬኑ በራሱ ጊዜ መያዝ አለበት።

ስልኩን ዘግቼ ወጣሁና የልጄ ሲኖ ላይ ሞከርኩት። አንድ ደቂቃ ፍሬን ረግጦ መቀመጥ ረጅም ነው፣ ሞክሩት። መርፌው ከ8 ባር ተነስቶ ደቂቃው ሳያልቅ 7 ላይ ደረሰ። ሞተር ሲጠፋ ደግሞ ስስስ የሚል ድምጽ አለ፣ ሞተሩ እየሰራ ግን አይሰማም፣ ኮምፕሬሰሩ የወጣውን እየተካ ስለሚሄድ ጌጁም አያሳይም፣ ልጄ ስንት ወር እንደዛ እንደነዳው እግዜር ይወቅ። ኦሞ በጠበጥኩና አረፋውን በየመጋጠሚያው ቀባሁ፣ ከመኪናው ወደ ተሳቢው የሚሄደው ቀዩ ቱቦ ጋ አረፋው ጉብ ጉብ አለ። መጋጠሚያው ውስጥ ያለችው ላስቲክ፣ ጎሚኒ የምንላት፣ ናት ያለቀችው፣ ሌላ ምንም አይደለም! ይሄ መኪና እኮ ከአሰላ ስንዴ ጭኖ ከኢተያ ወደ ዴራ ያንን ቁልቁለት ይወርዳል። በነገራችን ላይ የአየር ታንኩን ውሃም በየቀኑ አፍስሱ፣ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ታች ይጠራቀማል።

መብራት፣ ፍሬቻ፣ ስቶፕ፣ ጥሩምባ፣ እሳት ማጥፊያ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ሊብሬ፣ ሦስተኛ ወገን፣ ይሄን ታውቁታላችሁ። ስቶፕ መብራት ለማየት ሰው ከሌለ ማታ ግድግዳ ጋ አስጠግታችሁ ቀይ ሲበራ ታያላችሁ።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልናገርና ልለፍ፣ ለቦሎ ጎማ ተውሶ መሄድ። ደህና ጎማ ከጓደኛ፣ እሳት ማጥፊያ ከሌላ ጓደኛ፣ ቦሎው ሲለጠፍ ሁሉም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፣ መኪናው በዛው በላጣ ጎማ ሚሌ ይወርዳል። ማንን ነው የሸወዳችሁት? ይሄን የሚያደርጉት ደግሞ ልጆች ብቻ አይደሉም የኔ እኩዮች ናቸው።

ፈተናው ቀን ፈታኙ ፊት "ይሄ ደህና ነው፣ ይሄም ደህና ነው" እያላችሁ አትለፉ። ምኑን እንዳያችሁ ተናገሩ፣ በደንብ ታስሯል፣ አልተሰነጠቀም፣ አያፈስም፣ እነዚህን ሦስቱን ከያዛችሁ አብዛኛው እቃ ላይ ይሰራሉ። ስሙ ቢጠፋባችሁ አትደንግጡ፣ እቃውን በእጃችሁ ያዙትና የሚሰራውን ተናገሩ፣ ቢያንስ ዝም ከማለት ይሻላል። የእህቴ ልጅ አልፏል፣ በሁለተኛው ነው ያለፈው፣ መጀመሪያ ጊዜ የጣለው ያው አየሩ ነው፣ ቁጥሩን አውቆት እጁ ቅደም ተከተሉን ሳተ።

ባለፈው ቅዳሜ ለፈተና የምትዘጋጅ አንድ የጎረቤት ልጅ መጣች፣ ሲኖው ቆሞ ነበርና ዙሪ አልኳት፣ እኔ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ከሹፌሩ በር ጀመረች፣ የፊት ጎማ ጋ ስትደርስ "ጋሼ! ና እየው ቀይ መስመር አለው!" ብላ ጮኸች። ልቤ ድንግጥ አለ፣ ተነስቼ ሄድኩ። በጣቷ ስትጠርገው ለቀቀ፣ የአሰላ መንገድ ጭቃ ነው ደርቆ የተጣበቀው። አፈረች። ጣቷን ሳየው ቀይ ሆኗል፣ "ገና አንዱን ነው ያየሽው፣ ዘጠኝ ዳዶ ይቀርሻል፣ ቀጥይ" አልኳትና ወደ ቡናዬ ተመለስኩ።