ሜርኩሪ በፀሐይ ፊት ሲያልፍ ከአዲስ አበባ ይታያል?

ወንድሜ፣ ሜርኩሪ በፀሐይ ፊት የሚያልፈው መቼ እንደሆነ፣ አዲስ አበባ ያለህ አንተና ዋሽንግተን ያለችው እህትህ ታዩት እንደሆነ ጠይቀሃል።

የሚቀጥለው ኅዳር 4 ቀን 2025 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 13 ቀን 2032፣ ቅዳሜ ይውላል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ41 ገደማ ጀምሮ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ7 አካባቢ ያበቃል። ስለዚህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታየዋለህ። ወሩም ኅዳር ነው፣ ሰማዩ ጥርት የማለት ዕድሉ ሰፊ ነው።

እንደ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ጠባብ መስመር ላይ መገኘት አያስፈልግም። በዚያ ሰዓት ፀሐይ የወጣችበት አገር ሁሉ ያየዋል። ዋሽንግተን ግን ገና አይነጋም። እህትህ የሜይ 7 ቀን 2049ኙን ትጠብቅ።

አደራ የምልህ ግን አንድ ነገር አለ። ሜርኩሪ ከፀሐይ ስፋት 1/190 ገደማ ብቻ ስለሆነ በግርዶሽ መነጽር አይታይም። ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል፣ የፀሐይ ማጣሪያውም የሚገጠመው ከፊት፣ ብርሃኑ በሚገባበት በኩል ነው። ዓይን በሚጠጋበት በኩል ከሆነ ሙቀቱ ይሰነጥቀውና ዓይንህን ያጠፋል። ያለ ማጣሪያ በፍጹም እንዳትሞክረው!

ፀሐይ ላይ ሌላ ጥቁር ነጠብጣብ ብታይ አትደናገር። የፀሐይ ነጠብጣብ ዳሩ ግራጫና ያልተስተካከለ ነው። ሜርኩሪ ግን ድቡልቡል፣ ጥቁር ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስትመለስ ቦታውን ለቆ ታገኘዋለህ።